ለማሽላ ጥበቃ ጠጠር ወይስ የጭቃ እንክብል?

በቀወትና በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ማሽላው ወተት መቋጠር ሲጀምር፣ ማማ ላይ የሚወጣ ሰው ወንጭፉን በምን እንደሚያጎርስ መምረጥ አለበት።

ወጪ፦ ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም። ጠጠር ከወንዝ ዳር ይለቀማል። ጭቃ ግን ሥራ አለው፤ ዋልካ አፈር ይቦካል፣ በመዳፍ ይድቦለቦላል፣ ጥላ ሥር ይደርቃል። ፀሐይ ላይ የተሰጣ እንክብል ይሰነጠቅና ከወንጭፉ ሳይርቅ ይበተናል።

ርቀት፦ ጠጠር ይበልጣል፣ ያውም ድቡልቡል ከሆነ። ጠፍጣፋው አቅጣጫ ይስታል።

ጉዳት፦ ጠጠር የማሽላውን ራስ ይቀነጥሳል። ከማሳው ማዶ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ካለ ደግሞ ነገሩ ከእህል ያልፋል። እንክብል ሲያርፍ ይፈረካከሳል፤ ዝናብ ሲመታው ተመልሶ አፈር ይሆናል።

ግሪሳ 20 ግራም ገደማ የምትመዝን ወፍ ናት፤ በቀን ወደ 10 ግራም እህል ትበላለች። እልፍ ሆና ስትመጣ አንዷን መትቶ መጣል ምን ይፈይዳል? የሚፈለገው መንጋው እንዲነሣ ነው። ለዚህ ቅጠል ላይ ተበትኖ የሚንኮሻኮሽ ጭቃ ከጠጠር ይሻላል ባይ ነኝ። ማሳው ሰፊ፣ ማማው አንድ ብቻ ከሆነ ግን እንክብሉ ዳር አይደርስም፤ ያን ጊዜ ጠጠር ግድ ነው።

ዝንጀሮ ጭቃን ይንቃል፤ ለእሱም ጠጠር ይያዝ። ደጋው ላይ፣ መንዝ ገብስ ውስጥ የሚገባው ጭላዳ ግን ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኝ እንስሳ ነውና፣ ከፊቱ ያለውን መሬት መምታት ይበቃል።