የማይነበበው አቼ እና የስፔን ሮያል አካዳሚ መዝገበ ቃላት

ማድሪድ ውስጥ ዳቦ ቤት ነው የምሠራው። በጀመርኩ ሰሞን መደርደሪያው ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ጻፊ ተባልኩ። «ዛሬ የተሠራ» ለማለት «ኤቾ ኦይ» ብዬ ልክ እንደሰማሁት ጻፍኩ። አንዲት አሮጊት ደንበኛ እስክሪብቶ ተቀብለውኝ ከሁለቱም ቃላት ፊት አቼ ጨመሩበት። አቼ እኛ «ኤች» የምንላት ፊደል ናት። ትጻፋለች እንጂ አትነበብም። ያለሷ «ኤቾ» ማለት «እጥላለሁ» ነው።

ማታውኑ የሮያል አካዳሚውን መዝገበ ቃላት ስልኬ ላይ ከፈትኩ። ነፃ ነው፣ ተመዝገቢም አይልም። አካዳሚው እ.ኤ.አ. ከ1713 ጀምሮ ያለ የስፓኒሽ ቋንቋ ተቋም ነው። ብዙ ሰው ትርጉሙን አይቶ ይዘጋዋል። እኔ የወደድኩት ከትርጉሙ በፊት ያለችውን አጭር መስመር ነው፤ ቃሉ ከየት እንደመጣ የምትናገረዋን።

«ኦርኖ» ብዬ ፈለግኩ። ምድጃ ማለት ነው፤ በአቼ ይጀምራል። መስመሯ ከላቲን «ፉርኑስ» ትላለች። ፉርኖ! እናቴ ሱቅ እየላከች የምታስገዛኝ የፉርኖ ዱቄት! እኛ ቃሉን ያገኘነው ከጣሊያንኛ ነው። ጣሊያንኛ «ፈ»ን አቆያት፤ በስፓኒሽ ግን ድምፁ ጠፍቶ ቦታው ላይ አቼ ቀረች። ዱቄት «አሪና» ከ«ፋሪና»፣ ልጅ «ኢኾ» ከ«ፊሊዩስ»፣ መሥራት «አሴር» ከ«ፋኬሬ»። መጣል ግን ከ«ያክታሬ» ስለመጣ አቼ የለውም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ኤቾዎች አምታትቼ አላውቅም።

ሁሉም አቼ እንዲህ አይፈታም። እንቁላል፣ «ዌቦ»፣ ከ«ኦቩም» ነው የመጣው። ድሮ «ኡ» እና «ቭ» በአንድ ምልክት ይጻፉ ስለነበር፣ አንባቢ እንዳይሳሳት ተብላ የገባች አቼ ናት። ይህን ከአስተማሪ ነው የሰማሁት።

ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ እያለ ላደገ ሰው ይሄ ሁሉ እንግዳ አይደለም። ፊደሉ የቃሉን ዘር ይዞ ይቀራል።

መዝገበ ቃላቱ ሁሉ ነገሩ በስፓኒሽ ነው፤ ለጀማሪ ይከብዳል። የሌለ ቃል ብትጽፉ ተቀራራቢ ቃላት ያሳያችኋል። «ኤቾ»ን ያለ አቼ ብትጽፉ ግን ትክክለኛ ቃል ስለሆነ «መጣል»ን ያወጣል። ትንሽ ማንበብ ከቻላችሁ ከወጥ ቤታችሁ ቃላት ጀምሩ፤ መጀመሪያ ያቺን መስመር አንብቡ።