ትንሽ ሥራ የማይንቁ የቶርኖ ባለሙያ፣ ድሬዳዋ

ድሬዎች፣ ጥሩ ቶርኖ ቤት (ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን ያለበት) የምትፈልጉ ካላችሁ ይህቺን አንብቡልኝ።

የኤሮስፔስ ኢንጂነሪንግ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ አውሮፕላን ሲያርፍ ሥራ የምፈታ ሰው ነኝ። አሁን የማጠናው የድሮን ፕሮፔለር በሙቅ አየር ምን ያህል ጉልበት እንደሚያጣ ነው። ለዚህ ከድሬ የተሻለ ቦታ ከየት ይመጣል? ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሙቀቱን እናንተው ታውቁታላችሁ። በባህር ጠለል ላይ፣ በ15 ዲግሪ፣ አንድ ሜትር ኪዩብ አየር 1.225 ኪሎ ይመዝናል። ድሬ 35 ዲግሪ ስትገባ ወደ 1 ኪሎ ይወርዳል። ስለዚህ ያው ፕሮፔለር፣ በዚያው ፍጥነት፣ ድሮኑን ከሚያነሳበት ኃይል አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ያጣል። ባትሪና ጭነት ለሚያሰላ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም።

የምለካው ሞተሩን ጠረጴዛ ላይ አስሬ ነው (ለማብረር ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው)። ያስቸገረኝ ሞተሩንና ፕሮፔለሩን የሚያያይዘው የአሉሚኒየም ቁራጭ ነበር። ሌላ ቦታ ሲሠራልኝ ቀዳዳው ከመሃል ትንሽ ሸሸ። በደቂቃ 6,000 ጊዜ ለሚዞር ነገር ይህ ማለት በሰከንድ 100 ጊዜ መንቀጥቀጥ ነው። የመለኪያው ቁጥር አልረጋ አለኝ። አንዳንዱ ቤት ደግሞ «ለአንዲት ቁራጭ ማሽን አናስነሳም» ይላል።

ከዚራ ሰፈር ያሉት ጋሼ ግን ሌላ ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስላሉኝ ጋሼ ልበላቸው። የምድር ባቡር ዎርክሾፕ ያፈራቸው ባለሙያ ናቸው። ሥዕሉን አይተው መጀመሪያ የጠየቁኝ «በደቂቃ ስንት ይዞራል?» ብለው ነው። ስነግራቸው «እንግዲያው ከቻኩ ሳይወጣ ነው የሚያልቀው» አሉ። ቻክ ማለት ዕቃውን ጨምድዶ የሚያዞረው የማሽኑ መያዣ ነው። ውጩንም ቀዳዳውንም በአንድ እስራት ጨረሱት። ዕቃው አንዴ ከተፈታ መሃሉን መልሶ ማግኘት ከባድ ነዋ። ከዚያ ዳያል ጌጅ (ጥቂት መዛነፍን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ደግነው፣ በእጃቸው እያዞሩ አሳዩኝ። መርፌው ንቅንቅ አላለም ማለት ይቻላል። ሒሳቡንም «ለተማሪ ነው» ብለው ቀነሱልኝ።

አሁን ልኬቴ ረግቷል። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ!

የፓምፕ ዘንግ፣ የወፍጮ ፑሊ፣ የባጃጅ ቡሽ ያለበት ሰው እሳቸው ጋ ይሂድ። ግን ጠዋት ሂዱ። ከምሳ በኋላ ቤቱ ዝግ ነው፣ ድሬ ነዋ። «ቶሎ በሉ» ሲባሉም አይወዱም፤ የቀጠሩበትን ቀን ግን አያሳልፉም። አድራሻውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።