የጋዝ በርነር ልትገዙ ነው? የእጅ ቶርች፣ ባለ ጎማ በርነርና የላብራቶሪ በርነር ሲነጻጸሩ

በርነር ሊገዛ የመጣ ሰው ባለሱቁን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዲግሪ ያወጣል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ክፋት የለውም። ምርጫውን የሚወስነው ግን እሱ አይደለም። ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን፣ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ለሚሠራ ሰው ቀድመው መመለስ ያለባቸው ሌሎች ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ጋዙ ሲያልቅ ከየት ነው የምትተኩት? አየሩንስ በእጅ ማስተካከል ይቻላል ወይ? እነዚህ ካልተመለሱ ውድ በርነርም መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀረው።

ዲግሪውን ቶሎ እንለፈው። ፕሮፔንም ሆነ ቡቴን ከተራ አየር ጋር በደንብ ሲነድ ነበልባሉ በስሌት ወደ 1,970 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል። ይህ ለርካሹም ለውዱም አንድ ነው። በርነሮች የሚለያዩት በደቂቃ ምን ያህል ሙቀት እንደሚሰጡና ሙቀቱን የት ላይ እንደሚሰበስቡ ነው። መርፌ የመሰለ ቀጭን ነበልባል የብር ሽቦ ጫፍ በሰከንዶች ያቀልጣል። ትልቅ የነሐስ ቫልቭ ላይ ግን ቀኑን ሙሉ ብትይዙት ነሐሱ ሙቀቱን እየተቀበለ ይበትነዋል እንጂ ሶልደሩ (ቀልጦ መገጣጠሚያውን የሚያጣብቀው ብረት) አይፈስም።

ከፍታችን የሚያመጣው ጣጣ

ቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። ሱሉልታ ከዚያም ከፍ ይላል፤ ወደ ገላንና ዱከም ሲወረድ ትንሽ ይቀንሳል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያንሳል። አንድ እጅ ፕሮፔን በሙሉ ለመንደድ ወደ 24 እጅ አየር ይፈልጋል። አንድ እጅ ቡቴን ደግሞ ወደ 31 እጅ። ጋዙ ከሬጉሌተር በግፊት ስለሚወጣ ብዙም አይቀንስም። በርነሩ ከጎን የሚስበው አየር ግን ሳስቷል።

ስለዚህ የአየር ቀዳዳው ለዝቅተኛ አገር ተለክቶ የማይቀየር ሆኖ የተሠራ በርነር እኛ ጋ ሲመጣ ጋዝ ይበዛበታል። ነበልባሉ ይረዝማል፣ ይልፈሰፈሳል፣ ጫፉ ቢጫ ይሆናል፣ የምትሠሩበትን ዕቃ ጥላሸት ያለብሰዋል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ጋዙ ተበርዟል» ይላል። ሻጩን ከመውቀሳችሁ በፊት የአየር ቀዳዳውን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ቀለበት ከፈት አድርጉት። ቀለበት የሌለው ከሆነ ያላችሁ አማራጭ ጋዙን መቀነስ ብቻ ነው፤ ያኔ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። ለዚህ ነው የጋዝ ማዞሪያና የአየር ማስተካከያ ለየብቻ ያለውን በርነር አጥብቄ የምመክረው። ዝቅ ያለ አገር ለሚሠራ ሰው ተጨማሪ ምቾት ነው። ለኛ ግን ዋናው ነገር ነው።

ከፍታው አንድ በጎ ነገርም አለው። ቡቴን በባሕር ወለል ላይ የሚፈላው ከዜሮ በታች 0.5 ዲግሪ ላይ ነው። እኛ ጋ ግፊቱ ስለሚያንስ ከዜሮ በታች 8 ገደማ ላይ ይፈላል። በታኅሣሥ ጠዋት ብርድ ቡቴን የያዘ ጣሳ ትንሽ ይሻለዋል ማለት ነው። ያም ሆኖ ጋዙ በወጣ ቁጥር ጣሳው ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ነበልባሉም እየደከመ ይሄዳል። ያን ጊዜ አሳርፉት። እሳት ዳር አስጠግቶ ማሞቅ ጣሳውን ያፈነዳዋል።

የእጅ ቶርች፦ ለአጭር ሥራ

ይህ ጣሳው ላይ በቀጥታ የሚገጠመው ነው። ይቀላል፣ ጣሪያ ላይም መሰላል ላይም አብሯችሁ ይወጣል፣ መነሻ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። ጉዳቱ ቀስ ብሎ ነው የሚታየው። በሰዓት 150 ግራም የሚያነድ ቶርች የ220 ግራሙን ጣሳ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨርሰዋል። የጣሳ ጋዝ ደግሞ በኪሎ ሲሰላ ከሲሊንደር ጋዝ ይወደዳል። በሳምንት አንዴ ለምትጠቀሙ ሰዎች ችግር የለውም። በየቀኑ ለሚሠራ ሰው ግን ኪስ ይጎዳል።

ከመግዛታችሁ በፊት አገጣጠሙን እዩ። አንዳንዱ ጣሳ አፉ ላይ ባለች ስንጥቅ ተይዞ ይዞራል፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትንሽ ምድጃ የሚጠቀምበት ዓይነት ነው። ሌላው ጥርስ አለው። ሦስተኛው ይበሳል፤ ይህ አንዴ ከተበሳ ጋዙ ተሟጦ እስኪያልቅ መንቀል አይቻልም። አንዱ ለሌላው አይሆንም። እናንተ ሰፈር ሱቅ ውስጥ የትኛው ጣሳ እንዳለ አይታችሁ ቶርቹን ለእሱ ግዙ። ቶርቹን መጀመሪያ ገዝቶ ጣሳ ፍለጋ መርካቶ ድረስ መመላለስ የታክሲ ገንዘብ መጨረስ ነው።

ሌላም አለ። ብዙ የእጅ ቶርች ገና ሳይሞቅ ከተዘቀዘቀ ፈሳሹ ጋዝ ወደ ቱቦው ይገባና ነበልባሉ ድንገት ቦግ ይላል። አስቀድሞ የሚያሞቅ ቱቦ የተሠራለት ይህን ይቋቋማል። ጠረጴዛ ሥር ወይም ግድግዳ ጥግ የምትሠሩ ከሆነ ለእሱ ገንዘብ መጨመር ይገባል። በቁልፍ የሚለኮሰው ከፍታ ቦታ ላይ ስለማያስተማምን ላይተር ከኪሳችሁ አይጥፋ።

ቢጫ ጠርሙስ ላይ «ማፕ» ተብሎ የሚሸጠውንም አንዳንድ ሰው ይጠይቃል። ዋናው የማፕ ጋዝ በሰሜን አሜሪካ መመረት ያቆመው በ2008 ነው (በፈረንጆቹ)። ዛሬ በዚያ ስም የሚሸጠው በአብዛኛው ፕሮፒሊን ነው። ነበልባሉ ከፕሮፔን ትንሽ ይሞቃል፤ መዳብ ለመበየድ ደህና ነው። ግን ጠርሙሱ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ነው። «እሞላልሃለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እሺ እንዳትሉ። ቫልቩ ደጋግሞ እንዲዘጋ ተብሎ አልተሠራም።

ባለ ጎማ በርነር፦ ከዳር ሰፈር ለሚሠራ የተሻለው

እጀታ፣ ጋዙ የሚያልፍበት ጎማ፣ የጋዙን ግፊት የሚመጥን ሬጉሌተርና የሚቀያየር ጫፍ ያለው ነው። ለምግብ ማብሰያ በምትጠቀሙበት ዓይነት ሲሊንደር ይሠራል። ጋዙን የምታገኙት ጎረቤታችሁ ለወጥ ቤቱ ከሚቀይርበት ቦታ ነው። ትንሿ ጫፍ ለሶልደር፣ መካከለኛዋ ለመዳብና ለነሐስ ብየዳ፣ ትልቋ ጣሪያ ላይ ለሚለጠፍ የውሃ መከላከያ ሜምብሬን ትሆናለች። አንድ እጀታ ሦስት ሥራ ይሠራል።

ሰው የሚሳሳተው ሬጉሌተሩ ላይ ነው። የምድጃ ሬጉሌተር የሚያወጣው ግፊት ወደ 30 ሚሊባር ነው። የዚህ ዓይነት በርነር ደግሞ እንደ ጫፉ መጠን ከ1 እስከ 4 ባር ይፈልጋል። ሠላሳ እጥፍና ከዚያም በላይ ማለት ነው። የምድጃውን ሬጉሌተር የገጠመ ሰው ነበልባሉ አልቃሻ ሆኖ ያገኘውና በርነሩን ያማርራል። ከዚያ ሬጉሌተሩን አውልቆ ጎማውን በቀጥታ ከሲሊንደሩ ጋር ያስራል። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት እንደ አየሩ ሙቀትና እንደ ጋዙ ቅልቅል ይለዋወጣል። ፀሐይ ላይ የቆመ ሲሊንደር ጠዋት ከሚሰጠው ግፊት ቀትር ላይ በጣም የበለጠ ይሰጣል። ያለ ሬጉሌተር ያን ሁሉ የሚቀበለው ጎማውና የእናንተ እጅ ነው።

ጎማውም የምድጃ ጎማ አይሁን። ለከፍተኛ ግፊት የተሠራው ወፍራም ነው፣ ላዩ ላይም የሚችለው ግፊት ተጽፎበታል። ፋሸታው በሁለቱም ጫፍ በደንብ ይጠበቅ። ሽቦ ጠምዝዞ ማሰር መፍትሔ አይደለም። ዋጋ ስታወዳድሩ እጀታውን ብቻ ሳይሆን ሬጉሌተሩን፣ ጎማውንና ሲሊንደሩን ደምሩ። ድምሩ ከእጅ ቶርች ጋር ሲተያይ ያስደነግጣል። ነገር ግን በየቀኑ የሚሠራ ሰው በጋዙ ዋጋ ልዩነት ይመልሰዋል።

እጀታው ላይ ሲጫኑት ትልቅ ነበልባል የሚሰጥ፣ ሲለቁት ትንሽ እሳት ብቻ የሚያስቀር ምላስ ያለውን ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ። በሥራ መሃል ዕቃ ስታዘጋጁ ጋዝ በከንቱ አይነድም። ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ይቁም። ከተኛ ፈሳሹ ወደ ጎማው ይሄዳል።

የላብራቶሪ በርነር፦ ኖዝሉን ሳታዩ አትግዙ

የቡንሰን በርነር በ1850ዎቹ አጋማሽ (በፈረንጆቹ) ሃይደልበርግ ላይ የተሠራ ነው። ሐሳቡ የሮበርት ቡንሰን፣ እጅ ሥራው የዩኒቨርሲቲው መሣሪያ ሠሪ የፒተር ዴሳጋ ነበር። አየሩን ከታች በቀለበት ታስተካክላላችሁ፣ ጋዙን ግን ከግድግዳው ቧንቧ። እኛ ጋ ግድግዳ ላይ የጋዝ ቧንቧ ያለው ትምህርት ቤት ብዙ አይደለም። ስለዚህ ለሲሊንደር የሚመቸው ቲሪል የሚባለው ነው። እግሩ ላይ የራሱ የጋዝ ማዞሪያ አለው፤ መምህሩ ከተቀመጠበት ጠረጴዛ ሳይነሳ ሁለቱንም ያስተካክላል። ቴክሉ የሚባለው ቱቦው ወደ ታች እየሰፋ ስለሚሄድ ብዙ አየር ያስገባል፣ ለኛ ከፍታ በጣም ይስማማል። ሜከር ደግሞ አፉ ሰፊ ነው፣ ወንፊትም አለው። ነበልባሉ ወደ ውስጥ እንዳይመለስ ወንፊቱ ስለሚይዘው ብዙ አየር ይቀበላል። ክሩሲብል (ከፍተኛ ሙቀት የሚችል ትንሽ ጽዋ) ለማጋል የሚመረጠው እሱ ነው። ውሃ ለማፍላት ግን ይበዛል።

ትልቁ ወጥመድ ኖዝሉ ነው፤ ጋዙ የሚወጣባት ትንሿ ቀዳዳ። በቧንቧ ለሚመጣ የተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ በርነር ቀዳዳው ሰፊ ነው። የሲሊንደር ጋዝ (ኤልፒጂ) በመጠን እኩል ሲሆን ከተፈጥሮ ጋዝ ከሁለት እጥፍ በላይ ጉልበት ስላለው ቀዳዳው ጠባብ መሆን አለበት። ሰፊውን ሲሊንደር ላይ ከገጠማችሁት ክፍሉን በጥላሸት የሚሞላ ረጅም ቢጫ ነበልባል ይወጣል። የአየር ቀለበቱን ሙሉ በሙሉ ብትከፍቱም አይስተካከልም። ሻጩን «የኤልፒጂ ነው ወይስ የተፈጥሮ ጋዝ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካላወቀ አታምጡት። ለዚህ በርነር የምድጃው ሬጉሌተር ይበቃል፤ ባለ ከፍተኛ ግፊቱን እንዳትገጥሙበት።

ቡንሰን ላይ ጋዙ አንሶ አየሩ ከበዛ እሳቱ ወደ ቱቦው ውስጥ ይመለሳል፣ ሹል ድምፅም ያሰማል። ወዲያው ጋዙን ዝጉ። ቱቦው ስለሚግል በእጅ አይነካም። ቀዝቅዞ ከአየሩ ቀነስ አድርጋችሁ እንደገና ለኩሱ። ለመምህራን አንድ ነገር ልጨምር። በኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ተማሪዎቹ ቴርሞሜትሩ 100 አልሞላም ብለው ቢጠይቁ በርነሩም ቴርሞሜትሩም ደህና ናቸው፤ ጥሩ የትምህርት አጋጣሚ ነው።

ሥራው ሲለያይ

ወርቅና ብር ለሚሠራ ሰው የአየር ማስተካከያ ያለው ትንሽ ጫፍ ይሻላል። 925 የሚባለው የብር ማዕድን (ከሺህ 925 እጁ ንጹሕ ብር የሆነው) ራሱ 800 ዲግሪ አካባቢ መቅለጥ ይጀምራል፤ የሚበየድበት ሶልደር ከዚያ ብዙም አይርቅም። ጋዝ ትንሽ የበዛበት ለስላሳ ነበልባል ብሩን ከመጥቆር ይጠብቀዋል። ሁልጊዜ ጥርት ያለ ኃይለኛ እሳት ብቻ የሚሰጥ ቶርች ለዚህ አይሆንም።

የፍሪጅ ባለሙያ ቀጭን የመዳብ ቱቦ በፎስፈረስ-መዳብ ዘንግ ሲበይድ ከ700 ዲግሪ በላይ ያስፈልገዋል። ባለ ጎማ በርነር በመካከለኛ ጫፍ ይህን ይወጣዋል። ወፍራም ቱቦ ከሆነ ኦክስጅንና አሲቲሊን ነው። አዳዲስ ፍሪጆች ውስጥ ያለው አር 600 ኤ የተባለው ማቀዝቀዣ ራሱ የሚነድ ጋዝ መሆኑን አትርሱ። ቱቦው በደንብ ሳይራገፍ እሳት አይጠጋም።

ሞባይልና ቴሌቪዥን ለሚጠግን ከሦስቱ አንዱንም አልመክርም። ተራው ሊድ (የቆርቆሮና የእርሳስ ሶልደር) በ190 ዲግሪ ይፈሳል፤ የሶልደር ካውያ ይበቃዋል።

የትምህርት ቤት ላብራቶሪ የሚያደራጅ ሰው ቲሪል ወይም ቴክሉ ይግዛ። ሲሊንደሩን ከክፍሉ ውጪ ያቁመው። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴን ሁለት እጥፍ ይከብዳል። ያፈተለከ ጋዝ ወለል ላይ ይተኛል እንጂ በላይኛው መስኮት አይወጣም። ምድር ቤት ውስጥ ሥራ ለከፈታችሁም ይኸው ነው። በር ሥር ክፍተት ይኑር።

ሱቁ ውስጥ ገጥመው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ማዞሪያውን ከዝግ ጀምራችሁ በጣም ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ነበልባሉ ደረጃ በደረጃ ማደግ አለበት፤ ቆይቶ ድንገት የሚዘል ከሆነ የመርፌ ቫልቩ አይረባም። መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ በሳሙና አረፋ ቀቡ፤ አረፋው ከተነፋ ያፈሳል። በክብሪት መፈተሽ አይሞከርም። ያገለገለ ዕቃ ከምናለሽ ተራ ካገኛችሁ ማሸጊያ ጎማዎቹንና ጎማውን በአዲስ ቀይሩ፣ ኖዝሉንም ወደ ብርሃን አቅንታችሁ እዩት። ቀዳዳው ክብ ካልሆነ ቀድሞ የነበረው ሰው በሽቦ ወግቶ አስፍቶታል። በኖዝል ምትክ ሌላ ኖዝል ካልተገኘ ያን በርነር ተዉት።