ስታርጌትን "ኮምፕሊት ነው" ብለው ሲጭኑላችሁ የመጨረሻውን ክፍል ከፍታችሁ ሳታዩ ብር እንዳትከፍሉ

ወገን፣ ረጅም ሲሪስ በፍላሽ ወይ በሃርድ ዲስክ የምታስጭኑ ሁላችሁም ይሄን አንብቡት፣ በተለይ ስታርጌት ኤስጂ ዋንን "ሙሉው አለ" ተብላችሁ ልትገዙ ያሰባችሁ። እኔ የተሸጠልኝ ሙሉ አልነበረም፣ አለመሆኑ የታወቀው ደሞ አራት ሲዝን አይቼ ከሲሪሱ ሰዎች ጋር በደንብ ከተላመድኩ በኋላ ነው። አንድ ፊልም ቢሆን እኮ ማታውኑ ይታወቃል። ሲሪስ ላይ ግን የሚጎድለው ወደ መጨረሻው ስለሆነ ገዢው እዛ እስኪደርስ ወራት ያልፋል፣ ያኔ ሻጩ "እኔ አይደለሁም የጫንኩልህ" ቢል ምንም ማረጋገጫ የለም፣ የሚያናድደኝም ይሄ ነው።

ሲሪሱን ለማያውቅ ባጭሩ፣ ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው። በ1994 ስታርጌት የሚል ሲኒማ ወጣ፣ ከዛ ብራድ ራይትና ጆናታን ግላስነር ታሪኩን ወደ ቲቪ አምጥተውት በ1997 ሾውታይም ላይ ጀመረ፣ አምስት ሲዝን እዛ ከታየ በኋላ ሳይፋይ ቻናል ወስዶት እስከ 2007 ቀጠለ። አስር ሲዝን፣ 214 ክፍል፣ አንዱ ክፍል 44 ደቂቃ አካባቢ ስለሆነ በጠቅላላው ከ150 ሰዓት በላይ ማለት ነው። ግብፅ ውስጥ ተቆፍሮ የወጣ ትልቅ ክብ በር አለ፣ በሱ ሲገባ ሌላ ፕላኔት ላይ ይወጣል፣ እነ ራ እነ አፖፊስ እነ አኑቢስ የተባሉት የጥንት አማልክት ደሞ ጎዋኡልድ የሚባሉ ሰው ውስጥ ገብተው የሚኖሩ ፍጡሮች ሆነው ይገኛሉ። ኮሎኔል ኦኒል፣ ሳማንታ ካርተር፣ ዳንኤል ጃክሰንና ቲልክ የሚባሉ አራት ሰዎች በዛ በር እየወጡ እየገቡ ዓመታት ያልፋሉ። ሰዎቹ አይናችሁ እያየ ነው የሚሸብቱት፣ ጓደኝነታቸውም ተዋንያን የተናገሩት ዲያሎግ ብቻ አይመስልም። ይሄን ያህል ሰዓት አብሯቸው የከረመ ሰው መጨረሻውን ማየት መብቱ ነው ብዬ ነው የማስበው፣ የከፈለውም ለሱ ጭምር ነው።

አሁን ወደ ፍላሹ። የኔው ላዩ ላይ 128 ጂቢ ይላል፣ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካም ያንኑ ያህል ነኝ ይላል፣ ውስጡ ያለው ግን ተፈትሾ ሲታይ 32 ብቻ ነው። እንዴት ይሆናል ላላችሁ፣ ፍላሹን የሚቆጣጠረው ትንሽ ፕሮግራም አለ፣ እሱን ነካክተው ነው የውሸት ቁጥር እንዲናገር የሚያደርጉት። ኮፒ ሲደረግ እስከ 32ቱ ድረስ በደንብ ይጻፋል፣ ከዛ በላይ የሚመጣው ወይ የትም ሳይጻፍ ይቀራል ወይ ቀድሞ የተጻፈው ላይ ይደረባል፣ የፋይሎቹ ዝርዝር ግን የሚቀመጠው መጀመሪያው ላይ ስለሆነ ፎልደሩን ስትከፍቱ ሁሉም ነገር አለ፣ ሲዝን አስርም አለ፣ ስንት ሜጋ እንደሆነም ይጽፋል፣ ስታጫውቱት ብቻ ነው እንቢ የሚለው። ሂሳቡን እዩት፣ አንዱ ክፍል 350 ሜጋ አካባቢ ሆኖ ከተጫነ 214ቱ ወደ 75 ጂቢ ይመጣል። 32 ጂቢ ላይ የሚገባው 91 ክፍል ገደማ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ አራት ሲዝኖች በ22 በ22 ሲመቱ 88 ስለሆኑ ፍላሹ የሚሞላው ሲዝን አምስት መግቢያ ላይ ነው፣ የኔም ልክ እዛው ጋ ቆመ። እውነተኛ 64 ጂቢ እንኳን ቢሆን በዚህ መጠን ሲዝን ዘጠኝ መሃል ላይ ያልቃል፣ ስለዚህ በ64 ፍላሽ ሙሉውን ጫንኩላችሁ የሚል ሰው ወይ ኳሊቲውን ጨምቆታል ወይ ከመጨረሻው ቆርጧል።

ፍላሹን ይዤ ስመለስ የጫነልኝ ልጅ መጀመሪያ "ቲቪህ ነው የማይከፍተው" አለኝ፣ ላፕቶፕ ላይ ሰክቼ ሳሳየው "ቫይረስ በልቶታል፣ ፎርማት አርገን እንደገና እንጫንልህ" አለ፣ እንደገና ለመጫን ደሞ እንደገና ክፈል ነው። ፎርማት ማድረግ 32ቱን 128 አያደርገውም፣ ያንኑ ፍላሽ ሁለቴ መግዛት ማለት ነው። የቤቱን ስም አልጠራም፣ እኔ የምፈልገው እናንተ የትም ብትሄዱ እንዳትታለሉ ነው።

ሁለተኛው ነገር ቁጥር ማሟያ ነው። ከዛ በኋላ የጓደኞቼን ሃርድ ዲስክ ሳገላብጥ ሲዝን ስድስት የሚል ፎልደር ውስጥ ሲዝን ሰባት ተገልብጦ አገኘሁ፣ ሲዝን ስምንት በሚለው ውስጥ ደሞ ጭራሽ ስታርጌት አትላንቲስ ነው የተቀመጠው። አትላንቲስ በ2004 ከሲዝን ስምንት ጋር እኩል የጀመረ ራሱን የቻለ ሌላ ሲሪስ ነው፣ 100 ክፍል አለው፣ ጥሩ ነው እወደዋለሁ፣ ግን የሱ ቦታ አይደለም። ይሄን ለመለየት ሲሪሱን ጨርሶ ማየት አያስፈልግም፣ የጄኔራሉ ወንበር ላይ ማን እንደተቀመጠ እዩ። እስከ ሲዝን ሰባት አዛዡ መላጣው ጄኔራል ሃመንድ ነው፣ ሲዝን ስምንት ላይ ራሱ ኦኒል አዛዥ ይሆናል፣ ከዘጠኝ ጀምሮ ጄኔራል ላንድሪ የሚባል ሌላ ሰው ይመጣል። ሲዝን ስድስት ላይ ዳንኤል በቋሚነት የለም፣ በሱ ቦታ ጆናስ ክዊን የሚባል ወጣት ነው ያለው፣ ዳንኤል አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ ይላል። ዘጠኝና አስር ላይ ደሞ ሚቸል የሚባል አዲስ ኮሎኔል አለ። ከእያንዳንዱ ፎልደር መሃል ላይ አንድ ክፍል ከፍታችሁ እነዚህን ፊቶች ካያችሁ በቂ ነው። ፋይል ስትቆጥሩ ግን አንድ ወይ ሁለት ቢጎድል ወዲያው አትጣሉ፣ የመጀመሪያው ክፍል ድርብ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ባንድ ፋይል ነው የሚመጣው፣ የሲዝን ሰባት መዝጊያም እንደዛ ተቀጥሎ ሊመጣ ይችላል።

ሦስተኛው ግን ከሁሉም የሚብሰው ነው፣ ምክንያቱም በንጹህ ፍላሽ በትክክል የጫኑላችሁ ሰዎችም ይሄን ይዘሉታል፣ ብዙ ገዢም ሳያውቀው ጨረስኩ ብሎ ይቀመጣል። አስሩ ሲዝን ቢሟላም ታሪኩ አያልቅም። በኦገስት 2006፣ ልክ 200ኛው ክፍል በታየበት ሰሞን፣ ሳይፋይ ቻናል ሲዝን አስር የመጨረሻው እንደሆነ አሳወቀ፣ ያኔ ደሞ ኦራይ የሚባሉት አዲሶቹ ጠላቶች ታሪክ ገና መሃል ላይ ነበር። የሲዝን አስር መዝጊያ አንኤንዲንግ የሚባለው ነው፣ ሮበርት ኩፐር ነው የጻፈውም ያዘጋጀውም። ምን እንደሚሆን አልነግራችሁም፣ ግን በኔ እይታ በጣም ቆንጆ ክፍል ነው፣ ጦርነቱን ትቶ ሰዎቹ ላይ ያተኩራል፣ አስር ዓመት አብረው ስለኖሩ ሰዎች የሚያወራ ስንብት ነው። ጦርነቱን ግን አይዘጋውም። የኦራይን ጉዳይ የሚዘጋው በማርች 2008 በዲቪዲ የወጣው ዘ አርክ ኦፍ ትሩዝ የሚባል ፊልም ነው፣ በዛው ዓመት ጁላይ ላይ ደሞ ኮንቲንዩም የሚባል ሁለተኛ ፊልም ወጣ፣ እሱ የጎዋኡልዶቹን የመጨረሻ ሂሳብ ያወራርዳል። ሁለቱም ከሲዝን አስር ፎልደር ውጪ ስለሆኑ "አስሩም ሲዝን አለ" የሚል ሰው አልዋሸም ግን ሙሉውን አልሰጣችሁም። ኮምፕሊት ብሎ ካስከፈለ እነሱንም ይጨምር ነው የምለው።

ያለ ፊልሞቹ የጨረሰ ሰው ሲዝን ዘጠኝና አስርን ሲሳደብ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፣ "ኦኒል ከወጣ በኋላ ሲሪሱ ሞተ፣ መጨረሻውም ተንጠልጥሎ ቀረ" ይላሉ። ከፊሉን እቀበላለሁ። ሲዝን ስምንት መጨረሻ ላይ ያሉት ክፍሎች ለድሮዎቹ አራት ሰዎች እውነተኛ መዝጊያ ናቸው፣ ስምንት ዓመት ሲገነባ የቆየው የጎዋኡልድ ጦርነት እዛ ጋ ነው የሚፈታው፣ እዛ ጋ ላቁም ለሚል ሰው አልፈርድበትም፣ ልብን የሚያሳርፍ ቦታ ነው። ግን ተንጠልጥሎ ቀረ የሚለው የሲሪሱ ጥፋት አይደለም፣ የጫነላችሁ ሰው የቆረጠባችሁ ነው። አርክ ኦፍ ትሩዝን ያየሁት ሰው ተውሼ ነው፣ አንዳንዱ ነገር ቶሎ ቶሎ የተፈታ ይመስላል፣ አንድ ሙሉ ሲዝን የሚገባውን ታሪክ በአንድ ፊልም ውስጥ ሰብስበውታል፣ ቢሆንም መልስ አለው። ኮንቲንዩም ደሞ ለኔ ከሁለቱ የሚሻለው ነው፣ ኦኒል አለበት፣ በረዶ ላይ ያሉት ትዕይንቶች በእውነት አርክቲክ ውስጥ ሄደው የቀረጹት ነው፣ ጄኔራል ሃመንድም አለበት። የሃመንድን ቦታ የተጫወተው ዶን ዴቪስ ፊልሙ ከመውጣቱ አንድ ወር ገደማ ቀድሞ በጁን 2008 ነው ያረፈው፣ ይሄን እያወቃችሁ ስታዩት እሱ የሚታይባት ክፍል ሌላ ስሜት አላት። ይሄን ሁሉ ያላየ ሰው አስር ዓመቱን ጨርሶ እጁ ላይ የቀረው ንዴት ብቻ ሲሆን ያሳዝነኛል።

በተቃራኒው ደሞ የሌለ ነገር የሚሸጡ አሉ። "ከኮንቲንዩም ቀጥሎ ያለው ሦስተኛው ፊልም" ቢሏችሁ እንዳትከፍሉ፣ ታስቦ ነበር ግን አልተሰራም። ስታርጌት ዩኒቨርስ የሚባለው ሌላው ሲሪስም በ2011 ከሁለት ሲዝን በኋላ ሳይቋጭ ነው የቆመው፣ መዝጊያ ፊልም የለውም፣ አለው የሚል ሰው ሌላ ነገር ስም ቀይሮ ነው የሚሰጣችሁ።

ስታስጭኑ እንግዲህ እዛው ቆማችሁ አድርጉት። ተጭኖ ሲያልቅ ፍላሹን አስነቅላችሁ እንደገና አሰኩት፣ ይሄ የግድ ነው ምክንያቱም ሳይነቀል ከተጫወተ ኮምፒውተሩ ከራሱ ሜሞሪ እያነበበ ደህና ሊያስመስለው ይችላል። ከዛ ከሲዝን አስር ክፍል 20ን ክፈቱ፣ መጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን መሃሉንና መጨረሻውን እየዘለላችሁ እዩ፣ ከዛ ከአምስትና ከስምንት አንድ አንድ። ሻጩ "ቸኩያለሁ፣ ሰው እየጠበቀ ነው" ካለ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ። ፍላሹን ባዶውን የምትገዙ ከሆነ ደሞ ምንም ሳይጫንበት ላፕቶፕ ያለው ሰው ጋ ወስዳችሁ ኤች ቱ ቴስት ደብሊው በሚባል ነጻ ፕሮግራም አስፈትሹት፣ ለሊኑክስና ለማክ ኤፍ ስሪ የሚባል አለ። ፕሮግራሙ ፍላሹን ጢም አርጎ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል፣ ስለዚህ ሰዓት ይወስዳል፣ ግን እውነተኛውን መጠን ቁጭ ያደርግላችኋል። እሱን ውጤት ፎቶ አንስታችሁ ስትመልሱለት "ቫይረስ ነው" ማለት አይችልም።

ቀድማችሁ ያስጫናችሁ ካላችሁ ሲዝን ሁለት ላይም ብትሆኑ ዛሬውኑ የመጨረሻውን ክፍል ከፍታችሁ እዩት፣ ታሪኩ እንዳይበላሽባችሁ ድምጹን ዘግታችሁ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ። ካልከፈተ ሻጩ ሳይረሳችሁ መልሱለት። ፊልሞቹን ስታስጨምሩ ደሞ ሁለቱም ከሲዝን አስር በኋላ ናቸው፣ አርክ ኦፍ ትሩዝ ይቀድማል፣ ኮንቲንዩም ይከተላል።