ለአረጋውያን ጡንቻ መመንመን፦ የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ወይስ ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ?

ጡንቻ ከ30 ዓመት በኋላ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ከ60 በኋላ ቅነሳው ይፈጥናል። እናቱ ከወንበር ለመነሣት ሲታገሉ ያየ ሰው ጭንቀቱን ያውቀዋል።

ወጪ፦ ለእንቅስቃሴ ጠንካራ ወንበርና ውኃ የተሞላ ጠርሙስ ይበቃሉ። ማነቃቂያው፣ ማለትም ጡንቻን በኤሌክትሪክ የሚያኮማትረው ዘዴ፣ መሣሪያና በየጊዜው የሚለወጡ፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፉ ንጣፎች ይፈልጋል።

ምቾት፦ እዚህ መሣሪያው ይበልጣል። ሰውየው እንደተኛ የጭኑን ጡንቻ ያኮማትርለታል።

ውጤት፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለአረጋውያን በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር፣ 3 ቀን ደግሞ ሚዛን መጠበቅን የሚያካትት እንቅስቃሴ ይመክራል። ተኝቶ የሚወሰድ ማነቃቂያ ሚዛን መጠበቅን አያለማምድም፤ አረጋውያንን የሚሰብረው ግን መውደቅ ነው። ለእኔ ትልቁ ልዩነት ይህ ነው።

አደጋ፦ የልብ ምት ማስተካከያ የተተከለለት ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ ማነቃቂያ አይጠቀም። ቁስል ላይም አይለጠፍ። በመላ ሰውነት የሚለበሰው ዓይነት ከልክ ካለፈ ጡንቻን አፍርሶ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። በእንቅስቃሴ በኩል የሚያሰጋው መውደቅ ነው፤ አጠገባቸው ሰው ይቁም።

መቆም ለሚችሉ እንቅስቃሴው ይቀድማል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ አልጋ ለያዙ፣ ወይም በሳንባ ሕመም ትንፋሽ ለሚያጥራቸው፣ ማነቃቂያው በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እጅ እስኪነሡ ድረስ ያግዛል። ሁለቱም ቢሆኑ እንደ ምስር፣ ሽሮና እንቁላል ካለ ገንቢ ምግብ ውጪ ብዙ አይራመዱም።