ናይጄሪያ ወይስ ደቡብ አፍሪካ? የሰው ብዛት ወይስ የኪስ አቅም?

አፍሪካ ውስጥ ሰፊ ገበያ የሚፈልግ ነጋዴ መጀመሪያ ስሟን የሚያነሳው ናይጄሪያን ነው። የሕዝቧ ብዛት ያጓጓል። የተባበሩት መንግሥታት ግምት 230 ሚሊዮን ገደማ ያደርሰዋል። ደቡብ አፍሪካ በ2022 ቆጠራዋ ያገኘችው 62 ሚሊዮን ሰው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የአንዷ ሕዝብ የሌላዋን አራት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። በዚህ ብቻ የሚወስን ሰው ግን ገንዘቡን አደጋ ላይ ይጥላል። የሚገዛው ገንዘብ ያለው ሰው ነው።

ኪስ ሲታይ ነገሩ ይገለበጣል። የደቡብ አፍሪካ የ2024 ዓመታዊ ምርት 400 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። የናይጄሪያው፣ ስሌቱ በ2025 ከተከለሰ በኋላ እንኳ፣ 243 ቢሊዮን ገደማ ነው። ለሰው ሲካፈል ደቡብ አፍሪካዊው ከ6,000 ዶላር በላይ ይደርሰዋል። ናይጄሪያዊው 1,000 ዶላር ገደማ ነው የሚደርሰው።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ2014 ናይጄሪያ የኢኮኖሚዋን ስሌት ስትከልስ የቴሌኮሙና የኖሊዉድ ፊልሞች ገቢ በደንብ ተቆጠረላት። ደቡብ አፍሪካንም ቀድማ የአህጉሩ አንደኛ ሆነች። ዛሬ ወደ ኋላ የመለሳት በዋናነት የናይራው መውደቅ ነው። በሰኔ 2023 መንግሥት ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። አንድ ዶላር 460 ናይራ ገደማ የነበረው በ2024 ወደ 1,500 ወጣ። እኛም በሐምሌ 2024 ብር ለገበያ ሲለቀቅ ያየነው ነገር ስለሆነ ስሜቱን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። በዚያው 2024 መጨረሻ የናይጄሪያ የዋጋ ንረት ከ34 በመቶ በላይ ደረሰ። በዶላር ገዝታችሁ ሌጎስ ላይ በዱቤ ብትሰጡ፣ ከሦስት ወር በኋላ የምትቀበሉት ናይራ የዕቃውን መነሻ ላይመልስ ይችላል። በእኔ እምነት ናይጄሪያን የሚመርጥ ሰው ከሁሉ በፊት ሊያስብበት የሚገባው ይህን ነው። የደቡብ አፍሪካው ገንዘብ ራንድም ይወጣል ይወርዳል፤ ግን እንዲህ ሲወድቅ አላየነውም።

ከዚያው ከደቡብ አፍሪካ ወደ ናይጄሪያ የሄዱ ሁለት ድርጅቶች ብዙ ያስተምራሉ። ሾፕራይት የተባለው የሱፐርማርኬት ድርጅት በ2005 ሌጎስ ገባ። በ2021 ንግዱን ለናይጄሪያውያን ባለሀብቶች ሸጦ ወጣ። የሞባይል ስልክ ድርጅቱ ኤምቲኤን ደግሞ በ2001 ገብቶ እስከ ዛሬ አለ፤ በደንበኛ ብዛትም ናይጄሪያ ከየትኛውም አገር በላይ ትልቋ ገበያው ሆናለች። በመንገዱ ላይ ያልተመዘገቡ ሲም ካርዶችን አልዘጋህም ተብሎ በ2015 ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተቀጥቷል። ቅጣቱ በድርድር ቢቀነስም ቀላል አልነበረም። ያም ሆኖ ቆየ። የሚሸጠውን ሰው በየዕለቱ በትንሽ በትንሹ ይገዛዋላ! ናይጄሪያ ውስጥ ወተቱም፣ የልብስ ሳሙናውም፣ የመጠጥ ውሃው ሳይቀር በትንንሽ ፌስታል ታሽጎ ነው የሚሸጠው። ገበያው ያለው እዚያ ነው። ሕዝቡም ወጣት ነው፤ ግማሹ 18 ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው።

ደቡብ አፍሪካ ሄጄ ሁሉንም ባለ 6,000 ዶላር አገኛለሁ ማለትም ስህተት ነው። በሀብት ልዩነት ከዓለም አንደኛ ከሚባሉት አገሮች ናት። ከመቶ ሥራ ፈላጊ ከ30 በላይ የሚሆነው ሥራ የለውም። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በመንግሥት ድጎማ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ሁለት ገበያ አለ። አንዱ በጆሃንስበርግ የሀብታሞች ሰፈር ያለው የሳንድተን ሞል ነው፤ ጥራትና ማሸጊያ ይጠይቃል፣ ዋጋም ይከፍላል። ሌላው ሎኬሽን የሚባለው የከተማ ዳር የድሆች ሰፈር ነው። ሎኬሽንን የእኛ ልጆች ከማንም በላይ ያውቁታል። ከሆሳዕናና ከአካባቢው የሄዱ ወጣቶች ስንት ሱቅ ከፍተውበታል። ጆሃንስበርግ ውስጥ ጄፒ የሚባለው ሰፈር የሄደ ሰው አማርኛና ሀዲይኛ ሲነገር ይሰማል። የከፈሉት ዋጋ ግን ከባድ ነው። በ2008 በውጭ ዜጎች ላይ በተነሳው ጥቃት ከ60 በላይ ሰው ሞቷል፤ በ2015ና በ2019ም ተደግሟል። በ2024 መጨረሻ ደግሞ ልጆች በተመረዘ ምግብ ከሞቱ በኋላ የሰፈር ሱቆች ሁሉ እንዲመዘገቡ ታዝዟል። ያልተመዘገበ ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ማስገባት አሁን ፈጽሞ የማልመክረው ነገር ነው።

መብራት ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። የናይጄሪያ መስመር ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚያደርሰው 5,000 ሜጋዋት እንኳ በአግባቡ አይሞላም። የንግድ ድርጅቶች የሚንቀሳቀሱት በጄኔሬተር ነው፤ ነዳጁ ደግሞ ድጎማው በግንቦት 2023 ከተነሳ ወዲህ ውድ ነው። ደቡብ አፍሪካ በ2023 በመብራት ፈረቃ ክፉኛ ተቸግራ ነበር። ከመጋቢት 2024 ወዲህ ግን በጣም ተሻሽሏል። ማቀዝቀዣ የሚፈልግ ዕቃ ከያዛችሁ ይህ ብቻውን ይወስናል።

እኔ ብሆን ቡና፣ ማር ወይም ዋጋው ከፍ ያለ ነገር ይዤ ደቡብ አፍሪካ ነው የምሄደው። ደርባን ወደብ የገባ ዕቃ በጉምሩክ ኅብረቱ በኩል ወደ ቦትስዋና፣ ናሚቢያ፣ ሌሶቶና ኢስዋቲኒም መሻገር ይችላል። ርካሽና በየቀኑ የሚያልቅ ነገር ካላችሁ፣ እዚያው ማምረት ወይም ማሸግም ከቻላችሁ፣ ናይጄሪያን አትተዉ። አገሩን በሙሉ አታልሙ፤ በሌጎስ ጀምሩ፣ እሱ ራሱ አንድ አገር የሚያህል ገበያ ነው። ምግብ ወይም መዋቢያ ከሆነ፣ ናፍዳክ የሚባለው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ የምዝገባ ቁጥር ሳይሰጣችሁ አንድ ካርቶን እንኳ እንዳትጭኑ።