የደጋፊ ጥቅል ልትገዙ ያሰባችሁ የጅማ ልጆች፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ጠረጴዛ ዘርግተው «የዓመቱ የደጋፊ ጥቅል» የሚሸጡት አስተባባሪዎች ሰሞኑን ተመልሰው መጥተዋል። አምና ከእነርሱ በ1,800 ብር ገዝቻለሁ። ዘንድሮ ሌላ ሰው እንዳይሞኝ ብዬ ነው የምጽፈው።

ክለቡን በስም አልጠራውም። የአዲስ አበባ ክለብ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ደግፌዋለሁ። ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በዚያው በ2010 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ዋንጫውን ሲያነሳ እንኳ ክለቤን አልለወጥኩም። ጎረቤቶቼ ይህን እስከ ዛሬ አልረሱልኝም።

በጥቅሉ ውስጥ ማሊያ፣ መታወቂያና «በሜዳችን በሚደረጉ ጨዋታዎች ሁሉ ነጻ መግቢያ» አለ ተባልን። ወጥመዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሊጉ በአብዛኛው የሚካሄደው በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ነው። በዚያ ዓመት የእኛው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ከአስተናጋጆቹ አንዱ ነበር፤ አዳማ፣ ድሬዳዋና ሐዋሳም ተራቸውን አግኝተዋል። ታዲያ «ሜዳችን» የቱ ነው? እኔ ሳልጠይቅ ከፈልኩ። የቡና ነጋዴ ጆንያ ሳይወጋ፣ ፍሬውን በመዳፉ ይዞ ሳያሸት በማይገዛበት ከተማ አድጌ፣ አንዲት ቃል ሳልመረምር ገዛሁ።

ክለቤ በመርሐ ግብሩ ላይ ባለሜዳ ተብሎ የተጻፈበትን ጨዋታ መርጬ አዳማ ድረስ ሄድኩ፤ ከጅማ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በር ላይ የቆመው ልጅ መታወቂያዬን ገልብጦ አየና «ይህንን አናውቀውም፣ ትኬት ይቁረጡ» አለኝ። ቆረጥኩ። ከመታወቂያው ጀርባ፣ ጉርድ ፎቶዬ ከተለጠፈበት በስተኋላ፣ በጉንዳን ፊደል «የጥቅሉ ይዘት ያለማስታወቂያ ሊለወጥ ይችላል» የሚል መስመር እንዳለ ያየሁት እዚያው ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው።

ማሊያውም ከከፈልኩ ከ3 ሳምንት በኋላ ደረሰኝ። መጀመሪያ ሲታጠብ ከጀርባው የ9 ቁጥር ጅራት ተላጠ፤ አሁን 0 ለብሼ ነው የምደግፈው።

አስተባባሪው ዘንድ ደወልኩ። «ሜዳችን ማለት አዲስ አበባ ነው» አለኝ። በዚያ የውድድር ዘመን ክለቡ አዲስ አበባ ላይ አንድም ጨዋታ አልነበረውም። ገንዘቤን መልሱልኝ ስለው ድምፁን አለስልሶ «ወንድሜ፣ አንተ ደጋፊ ነህ ወይስ ነጋዴ?» ሲል ጠየቀኝ።

ያበሸቀኝ ይህ ጥያቄ ነው። ሻይ ቤት ቢያስቀይመኝ ከጎኑ ወዳለው እገባለሁ፤ ክለብ ግን እንዲህ አይለወጥም፣ እነርሱም ይህን ያውቃሉ። የትም የማይሄድ ደንበኛ ያለው ሰው ከሌላው ይልቅ ሊጠነቀቅለት ሲገባ፣ እነዚህ ፍቅራችንን እንደ መያዣ ይዘው ያስከፍሉናል። ስንሸነፍ በዝናብ የምንቆም እኛ ነን፤ ስለ 1,800 ብር ስንጠይቅ ግን ፍቅራችን ይመረመራል።

በእኔ እምነት ማሊያና መግቢያ በገንዘብ የሚሸጥ ሁሉ ሻጭ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ጉድለት ከተገኘም በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ማሊያው ለምን በ3 ሳምንቱ እንደመጣ የገባኝ ይህንን ካነበብኩ በኋላ ነው። ምናልባት ክፉ አሳቢ ሆኜ ይሆናል።

መግዛታችሁ ካልቀረ ደግሞ የትኛው ከተማ፣ ስንት ጨዋታ እንደሆነ በጽሑፍ አስጽፉ። በቴሌብር ክፈሉ ሲሏችሁ የተቀባዩን ስም ተመልከቱ፤ እኔ የላክሁት ለክለቡ ሳይሆን ለአንድ ግለሰብ ነበር። የሰጡኝ «ደረሰኝም» ማህተም የተመታበት ብጣሽ ወረቀት ነው፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የለውም።

እስካሁን ስድስት ሆነናል። ወረቀቶቻችንን አያይዘን ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ እያዘጋጀን ነው። አምና የገዛችሁ ካላችሁ ብጣሿን ወረቀት አትጣሏት፣ ይዛችኋት ኑ። እኔም እሁድ ጨዋታውን ከሚያሳየው ሻይ ቤት አልጠፋም፤ 0 ቁጥር የለበሰውን ፈልጉ።